መልስ፦ የመኪና መሪ ይዘን እየዋልን ጤናችንን እንዴት እንጠብቅ?

የተከበራችሁ የማኅበረሰባችን አባላት፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን አሜሪካ ከገባ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አሥራ አንድ ኪሎ መጨመሩን ገልጾ፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መኪና እየነዳ ለጂም ጊዜ ከየት እንደሚገኝ ጠይቆን ነበር። እኔ ሜሪላንድ ስኖር አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም በታክሲ ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር ጂም ሁለት ጊዜ ተመዝግቤ፣ ሁለቱንም ጊዜ ደጁን ሳልረግጥ ለወራት ከፍያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ጂም ሳልገባ ስለለወጥኳቸው ነገሮች ብቻ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠኔ 6.1 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከ5.7 በታች ጤናማ፣ 6.5 እና ከዚያ በላይ ደግሞ የስኳር በሽታ ስለሚባል፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ ማለት ነበር። ሐኪሟ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ስለሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት አጫወተችኝ፤ ለስኳር በሽታ ከተቃረቡት ከ3,000 በላይ ተሳታፊዎች መካከል፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተመከሩትና ክትትል የተደረገላቸው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ሲቀንስ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው። 86 ኪሎ ለነበርኩት ለእኔ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ ነው፤ ይህን ስሰማ ነገሩ የሚቻል መሰለኝ።

መጀመሪያ የቆጠርኩት ቡናውን ነው። እንደምታውቁት በብዙዎቻችን ቤት ስኳሩ ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ሲኒው ውስጥ ስለሚገባ፣ ጠጪው ስንት እንደሚደረግለት የሚጠየቀው አልፎ አልፎ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ በሁለት በሁለት ማንኪያ ስጠጣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ሆነ፤ አንዱ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ስለሚይዝ ድምሩ 24 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ ሰው የሚመርጠው በቀን ከ25 ግራም ያልበለጠ ስኳር ነው። ሥራ ላይ የምጠጣው ለስላሳ ሳይቆጠር የቀኑን ድርሻ ቡና ላይ ጨርሼዋለሁ። በአንድ ጊዜ ላቁም ብዬ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። የሠራልኝ ሌላ ነው፤ ባለቤቴ ስኳሩን ሲኒ ውስጥ ማድረጉን ትታ ከረከቦቱ ጎን ለብቻው ታቀርበው ጀመር፣ እኔም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ። ዛሬ ለአቦል ግማሽ ማንኪያ አደርጋለሁ፣ ቶናና በረካን ያለ ስኳር እጠጣለሁ።

ሁለተኛው እግሬን ማፍታታት ነው። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ ወንበሩን ዘርግተን ከመተኛት ይልቅ፣ ምሳዬን እንደበላሁ የመኪና ማቆሚያውን ሁለት ጊዜ እዞረዋለሁ፤ አንዱ ዙር ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ከምግብ በኋላ የሚደረግ አጭር የእግር ጉዞ የደም ስኳር እንዳያሻቅብ ይረዳል። መጀመሪያ ላይ ጓደኞቼ «ምን ጠፍቶህ ነው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን አራት ሆነን እንዞራለን።

ስለ እንጀራ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን «ጤፍ ስለሆነ አይጎዳም» እንላለን፤ ይሁን እንጂ ጤፍም በብዛት ከተበላ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ ከሱቅ የምንገዛው እንጀራም ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። በዚህ አገር ሕግ በማሸጊያው ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ስለሆነ፣ ስንዴ ከጤፍ ቀድሞ ከተጻፈ በእንጀራው ውስጥ ከጤፉ ይልቅ ስንዴው ይበዛል ማለት ነው። እኔ ሁለት እንጀራ እበላ ከነበረው ወደ አንድ ወርጄ ጎመኑንና ምስሩን ጨምሬያለሁ። መድኃኒት የጀመራችሁ ግን፣ በተለይ ጾም ሲገባ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ምንም አትለውጡ።

ባለፈው መስከረም የሦስት ወር አማካይ የስኳር ውጤቴ 5.6 በመቶ ነበር።

የአንዲት እህት ምላሽ

ወንድማችን፣ ስለ ጽሑፉ እግዚአብሔር ይስጥልን። የእኔ ችግር እናቴ ናቸው፤ ከአገር ቤት ከመጡ ወዲህ በረዶውን ፈርተው ከቤት አይወጡም፣ ያለ ስኳር ቡና ማቅረብም እንግዳን እንደ መናቅ ይቆጥሩታል።

መልስ

እህቴ፣ ለክረምቱ የገበያ አዳራሽ ይሻላል፤ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ በሩን የሚከፍቱ ስላሉ፣ በአቅራቢያሽ ያለውን ደውለሽ ጠይቂ። በሙቀት ውስጥ፣ ሳያዳልጣቸው በዝግታ ይራመዳሉ። ቡናውን በተመለከተ እናትሽን ስኳር ከልክያቸው አላልኩም፤ ማንኪያውን በትንሽ ማንኪያ ለውጪውና ስኳሩን ለብቻው አቅርቢው። እኛ ቤት የሚመጡ እንግዶች ራሳቸው ሲጨምሩ ከአንድ ማንኪያ የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ንቀት ነው ብሎ የተቀየመንም እስካሁን የለም።