ታብሌት ላይ ጎበዝ፣ ደብተር ላይ ለጋሚ

ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ አማክሩኝ። የ4 ዓመቱ ልጄ ታብሌት ላይ ፊደላቱን በጣቱ እየተከተለ ይጽፋል፤ ቢስት እንኳን መተግበሪያው መስመሩን አቃንቶ ያጨበጭብለታል። እርሳስ ሲይዝ ግን ሌላ ልጅ ነው። በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ይጭራል፣ ወረቀቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ድምፅ ይጠብቃል፣ ዝም ሲለው ደብተሩን ይገፋዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ተቀምጦ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። መልካም። ይሁን እንጂ መዋዕለ ሕፃናቱ የቤት ሥራ የሚልከው በዚያው ታብሌት ነው! ሰዓቱ በቤት ሥራ ያልቅና ጨዋታ ሲከለከል ቤቱ በለቅሶ ይታመሳል። «ጨርሰህ ንጠቀው» የሚለኝ ሞልቷል፤ የቤት ሥራውስ በምን ይሠራ?

ጭቃ ማድቦልቦልና በመቀስ መቁረጥ ይወዳል፤ ፊደል ጻፍ ሲባል ግን ይሸሻል። ልጁን ከስክሪን ወደ እርሳስ ያሸጋገራችሁ፣ በምን ጀመራችሁ? ወይስ ለመጻፍ ገና ስለሆነ ልተወው? መምህርቷን ሳላስቀይም የቤት ሥራውን በወረቀት እንድትሰጠን የምጠይቅበትን መንገድም ብትጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።