ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ ብብቷ የሚሰረጉድ ገጸ ባሕርይ፦ ጥፋቱ የአጥንቱ ነው ወይስ የዌይቱ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ለልጆች ባህላዊ ጭፈራ ማስተማሪያ የሚሆን የሁለት ደቂቃ አኒሜሽን በብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም) እየሠራሁ ነው። ገጸ ባሕርይዋ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ሁለት እጆቿን ከወገቧ ላይ አሳርፋ እስክስታ የምትወርድ ወጣት ናት። አጥንቶቹን (ገጸ ባሕርይዋን የሚያንቀሳቅሱትን የውስጥ ዘንጎች) ካስገባሁ በኋላ ሜሹን (ገጽታዋን የሚሠራውን የነጥቦች መረብ) ከአጥንቶቹ ጋር ያያያዝኩት ኮንትሮልና ፒ ተጭኜ አውቶማቲክ ዌይት የሚለውን በመምረጥ ነው (ዌይት አንድ የሜሽ ነጥብ እያንዳንዱን አጥንት ምን ያህል እንደሚከተል የሚወስን ቁጥር ነው)። ዝም ብላ ስትቆም ምንም እንከን የላትም፤ ትከሻዋን ማንቀሳቀስ ስጀምር ግን ብብቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ የቀሚሷ የደረት ጥልፍ ክንዷን ተከትሎ ወደ ጎን ይጎተታል፣ ወገቧ ላይ ያረፈው እጇም ትከሻዋ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። ቀሚሱን ለብቻው ለማያያዝ ስሞክር ደግሞ ለአንዳንድ አጥንቶች መፍትሔ አልተገኘም የሚል ማስጠንቀቂያ ወጥቶብኛል።

ሦስት ሌሊት ሙሉ ዌይት ስቀባ አድሬአለሁ፤ አንዱን ሳቀና ሌላው ይጣመማል። የላይኛው ክንድ አጥንት በቀጥታ ከደረት አጥንቱ ጋር የተያያዘ ሲሆን በመካከላቸው ሌላ አጥንት የለም። ሥራው በቪዲዮ ይወጣል፤ ወደፊት ደግሞ ገጸ ባሕርይዋን በዩኒቲ (የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም) ለሚሠራ የስልክ ጨዋታ ልጠቀምባት አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር?

አንደኛ ምላሽ

እባክዎን ብሩሹን ለጊዜው ያስቀምጡት። ከገለጹት ሁሉ ዋናው ነገር የጎደለው አጥንት ነው፤ በደረትና በክንድ መካከል አጥንት ከሌለ ትከሻ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው፣ የሌለውን ትከሻ ደግሞ በዌይት መፍጠር አይቻልም። ሰው ክንዱን ከጎኑ አንሥቶ እስከ ራሱ በላይ ሲያደርስ ከሚዞረው 180 ዲግሪ ገደማ ውስጥ 120 ያህሉ የክንዱ መጋጠሚያ ሥራ ሲሆን ቀሪው 60 የሚመጣው ከትከሻ ሰሌዳውና ከአንገት በታች በፊት በኩል ካለው የአንገት ሥር አጥንት (ክላቪክል) እንቅስቃሴ ነው። እስክስታ ደግሞ ክንድ ሳይነሣ ይህንኑ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ እያሠራ የሚጨፈር ጭፈራ ነው። እርስዎ ያጡት አጥንት ጭፈራው ራሱ የሚኖርበት አጥንት ነው።

አንድ ነገር በራስዎ ላይ ይሞክሩ። የቀኝ እጅዎን ሁለት ጣቶች ከጉሮሮዎ ሥር ካለው ጉድጓድ በስተግራ አሳርፈው የግራ ትከሻዎን ወደ ላይ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ። ከጣትዎ ሥር ያለው ጫፍ ከቦታው እምብዛም አይነቃነቅም፤ የወዲያኛው ጫፍ ግን ቅስት እየሠራ ይሄዳል። አዲሱን አጥንት መትከል ያለብዎ በዚሁ መሠረት ነው፦ መነሻው ከደረት ፊት ለፊት፣ ከመካከለኛው መስመር ትንሽ ወደ ጎን፣ መድረሻው ከክንዱ መጋጠሚያ ጥቂት ቀደም ብሎ። ብዙ ጀማሪዎች መነሻውን ከአከርካሪው ላይ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ትከሻው ከጀርባ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል እንጂ እንደ ሰው ትከሻ አይነሣም። ከዚያ የላይኛውን ክንድ የዚህ አጥንት ልጅ (እሱን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ) ያድርጉት።

የእጁ ነገር ከዌይት ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። እጁ ከትከሻ እስከ መዳፍ በሰንሰለት ስለተያያዘ ትከሻው ሲነሣ አብሮ መነሣቱ ግድ ነው። ለክንዱ አይኬ (የመዳፉን ቦታ ሲወስኑ የክንዱን አጥንቶች ራሱ የሚያጥፍ ስሌት) ይሥሩለት፤ የአይኬውን መቆጣጠሪያ አጥንት የዳሌው አጥንት ልጅ ካደረጉት መዳፉ ወገቧ ላይ ተተክሎ ይቀርና የትከሻው ንቅናቄ በክርኑ ላይ ይወጣል። በእውነተኛው ጭፈራም ክርን እንዲሁ ነው የሚርገበገበው። የሰንሰለቱን ርዝመት 2 ማድረግዎን ግን አይርሱ፤ 0 ሆኖ ከቀረ አይኬው ትከሻውንና አከርካሪውን ጭምር ይዞ ይጎትታል።

ሁለተኛ ምላሽ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ዌይቱ ልጨምር። አውቶማቲክ ዌይት የሚሠራው ኢልያ ባራን እና ዮቫን ፖፖቪች እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የሙቀት ዘዴ ነው። እያንዳንዱ አጥንት እንደ ፍም ይቆጠርና ሙቀቱ በቆዳው ላይ ይሰራጫል፤ አንድ ነጥብ ከየትኛው አጥንት ምን ያህል እንደሞቀ ዌይቱ ይሆናል። ዘዴው የተሠራው አጥንት በውስጡ ላለና ወጥ ለሆነ አካል ነው። ቀሚስ ግን ክፍት ጨርቅ ነው፤ በዚያ ላይ የተደራረቡ ነጥቦች ካሉበት ስሌቱ ይከሽፋል፣ ማስጠንቀቂያውም ከዚህ ይመጣል። የተደራረቡትን ነጥቦች በርቀት ማዋሃድ (Merge by Distance) በሚለው ትእዛዝ ያዋህዱ፣ ስኬሉንም (የመጠን ለውጡን) አፕላይ ያድርጉ። እንዲያም ሆኖ ለቀሚሱ አውቶማቲክ ዌይት ባይጠቀሙ እመርጣለሁ፤ የሰውነቷን ዌይት በሚገባ ከጨረሱ በኋላ ወደ ቀሚሱ ያስተላልፉት፣ ጨርቁና ገላዋ አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ።

የደረቱ ጥልፍ የሚጎተተው የላይኛው ክንድ ሙቀት እስከ ደረቱ መሐል ስለደረሰ ነው። 0.05 ወይም 0.1 የምታህል ዌይት በብሩሹ ቀለም ላይ ሰማያዊ ሆና ስለምትታይ ዓይን ያልፋታል፤ ቀጥ ብሎ በሚወርድ የጥልፍ መስመር ላይ ግን ወዲያው ትጋለጣለች። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግተው አንዱን የጥልፍ ነጥብ ይምረጡና የዌይት ዝርዝሩን በቁጥር ያንብቡ፤ የላይኛው ክንድ ስም እዚያ ውስጥ ካለ ያጥፉት። አውቶ ኖርማላይዝ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ካልሆነ የአንድ ነጥብ ዌይት ድምር 1 መሆኑ ይቀርና አንዱን ሲያቀኑ ሌላው የሚጣመምብዎ በዚህ ሊሆን ይችላል። ሲቀቡም ገጸ ባሕርይዋ ቀጥ ብላ ቆማ ሳይሆን ትከሻዋ እስከ መጨረሻው ተነሥቶ ይሁን፤ ስሕተት የሚታየው በቆመችበት አይደለም።

ብብቱ ከዚህ በኋላም ከሰረጎደ በአርማቸር ሞዲፋየሩ (ሜሹን ከአጥንቶቹ ጋር በሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ላይ ቮልዩም የሚጠብቀውን ምርጫ ያብሩ።

ሦስተኛ ምላሽ

በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ልከራከር። ጠያቂያችን ገጸ ባሕርይዋን ወደ ዩኒቲ ሊወስዷት እንዳሰቡ ጽፈዋል። ያ ምርጫ ዱዋል ኳተርንየን የሚባለውን ስሌት የሚጠቀም ሲሆን ዩኒቲ በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው ቀጥተኛውን አማካይ ነው፤ በብሌንደር ያማረው ትከሻ ስልኩ ላይ ሲከፈት ተመልሶ ይሰረጉዳል። በቪዲዮው እንኳ ቢሆን ጉድለት አለው፤ ክርንና ጉልበት ሲታጠፉ መጋጠሚያውን ያሳብጠዋል።

የመሰርጎዱ ምክንያት ቢታወቅ መፍትሔው ይቀላል። ቀጥተኛው አማካይ አንድን ነጥብ ሁለቱ አጥንቶች የሚወስዱት ሁለት ቦታ ላይ ያስቀምጠውና የሁለቱን መካከል ይይዛል። ግማሽ በግማሽ የተካፈለ ነጥብ አንደኛው አጥንት በራሱ ዘንግ 90 ዲግሪ ቢጠመዘዝ ከዘንጉ ያለው ርቀት ወደ 71 በመቶ ይወርዳል፤ 120 ቢጠመዘዝ ግማሽ ይሆናል፤ 180 ላይ ዘንጉ ላይ ይወድቅና እንደተጠቀለለ የከረሜላ ወረቀት ይሰበሰባል። ስለዚህ ጥምዘዛውን ለብዙ አጥንት ማካፈል ነው የሚበጀው። በላይኛው ክንድ ውስጥ ሁለት የጥምዘዛ አጥንቶች ያስገቡና የመጀመሪያው የጥምዘዛውን ሲሶ፣ ሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን እንዲወስድ ያድርጉ። ይህ ዩኒቲም ውስጥ ይሠራል፤ ብቻ እንቅስቃሴውን ሲያወጡ በየፍሬሙ ቤክ መደረግ (ተሰልቶ መመዝገብ) አለበት፣ ኮንስትሬይንቶች (አጥንቶችን እርስ በርስ የሚያስተሳስሩት ደንቦች) ከብሌንደር አብረው አይወጡምና። ለአንድ ነጥብ የሚደርሱትን አጥንቶችም ከ4 እንዳይበልጡ ይገድቡ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የአንገት ሥር አጥንቱን እንደተባለው ከደረቷ ፊት ተክዬ አይኬውን ከዳሌዋ ጋር ካሰርኩ በኋላ አንድም ዌይት ሳልቀባ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክስታ የምትወርድ መሰለች። ከጥልፉ መሐል የመረጥኩት ነጥብ ላይ የላይኛው ክንድ 0.08 ይዞ አገኘሁት፤ በሁለቱም በኩል አጠፋሁና ጥልፉ ቀጥ አለ። የጥምዘዛ አጥንቶቹን ገና አልሞከርኩም። አሁን የቀረኝ አንድ ችግር ትከሻዋ ወደ ኋላ ሲሄድ የጀርባዋ ቆዳ ከቀሚሱ አልፎ መውጣቱ ነው።

ሁለተኛው መላሽ

በቀሚሱ የተሸፈነውን የጀርባዋን ክፍል በማስክ ሞዲፋየር ይሰውሩት፤ ማንም የማያየው ቆዳ መኖሩ ለምንም አይጠቅምም። ለጨዋታው የሚሆነው ፋይል ላይ ግን ያንኑ ክፍል ጨርሰው ይቁረጡት። ሳይቆርጡ በፊት የዌይት ማስተላለፉ መጠናቀቁን ያረጋግጡ፤ ቀሚሱ ዌይቱን የሚወስደው ከዚያው ቆዳ ነው።