ሮም እህቴ ዘንድ ልንሄድ ነው፤ እማዬ በፍልሰታ ጾም ከቤት ውጪ ምን መብላት ትችላለች?

የአዌቱ ልጅ፣ ጅማ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከእማዬ ጋር ሮም ያለችውን ታላቅ እህቴን ልንጠይቅ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ሦስት ሳምንት እንቆያለን። እህቴ አዛውንት እየተንከባከበች ስለምትሠራ ቀን ቀን ቤት የለችም። ስንደዋወል «አታስቡ፣ ወጡን ሠርቼ ፍሪጅ አስቀምጥላችኋለሁ» ትላለች። ከሥራ ደክማ ገብታ ለእኛ ሽንኩርት ስትከትፍ ማየት ግን አንጀቴ አይችልም። ወጡንማ ጅማ ስመለስ እደርስበታለሁ፤ እዚያ የአገሩን ምግብ፣ የአገሩ ሰው በሚበላበት ቦታ መቅመስ ነው የምፈልገው።

የሚያሳስበኝ የእማዬ ነገር ነው። አሳማ እንኳን ልትበላ፣ የሚጠበስበት ቤት መቀመጥም ይከብዳታል። ነሐሴ 1 ጾሙ ሲገባ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ትቆያለች፣ ዓሣም አትነካም። የማታውቀው ምግብ ከቀረበላት «ጠግቤያለሁ» ብላ ዝም ነው። አምና ዘመድ ሠርግ ሄደን ሁለት ቀን ሙሉ በሻይና በዳቦ መክረሟን ያወቅነው ቤት ከተመለስን በኋላ ነው። ያ እንዳይደገም ነው ጭንቀቴ። ምን ብዬ ልዘዝላት? አሳማ ያለበትን በምን ልለይ? አክስቴ ደግሞ 3 ኪሎ የተነጠረ ቅቤ አዘጋጅታ «ለእህትሽ ውሰጂላት» ብላኛለች፤ ይገባል?

ሮም የከረመች

እህቴ፣ ሮም ለጾመኛ አትከብድም። በድሮ ምግቧ ውስጥ ሽምብራ፣ ቅጠልና የወይራ ዘይት ብዙ ቦታ አላቸው። መጀመሪያ «ፔኔ አላራቢያታ» እዘዢላት፤ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚያቃጥል በርበሬ የሚሠራ የሮም ፓስታ ነው። ስሙም «የተቆጣች» እንደማለት ነው። ስታዢ «ሴንዛ ፎርማጆ» በይ፣ ያለ አይብ ማለት ነው፤ ካላልሽ አይብ ይነሰንሱበታል። «ቺኮሪያ ሪፓሳታ» የሚሉት መረር ያለ ቅጠል ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰ ነው፤ ጎመን የሚወድ ሰው ይወደዋል። «ፒዛ ማሪናራ» ስሙ ባሕር ባሕር ቢልም ዓሣም አይብም የለበትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ የሚሉት የቅመም ቅጠልና ዘይት ብቻ ነው።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። እማማ ጾማቸውን የሚፈቱበት 9 ሰዓት የምግብ ቤቶቹ ወጥ ቤት የሚዘጋበት ሰዓት ነው። ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፤ ከ9 በኋላ ብዙዎቹ እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል አያበስሉም። እኔ እናቴን ይዤ ሦስት ቤት ዞሬ ወንበር ተገልብጦ ጠብቆኛል። መፍትሔው «ፒዛ አል ታሊዮ» ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሸጡ አሉ፤ ረጅሙ ፒዛ መስታወት ውስጥ ተዘርግቷል፣ ሻጩ ቢላውን አስጠግቶ «እዚህ ጋ?» ይልሻል፣ በእጅሽ ታሳይዋለሽ፣ ቆርጦ በኪሎ ይመዝናል። ተራው ነጩ ፒዛ ላዩ ላይ ዘይትና ጨው ብቻ ነው። ነሐሴ የበለስ ወር ስለሆነ ትኩስ በለስ ገዝታችሁ አብራችሁ ብሉት።

ሌላው፣ ነሐሴ 9 ቀን በእነሱ የእመቤታችን ዕርገት በዓል ነው፣ «ፌራጎስቶ» ይሉታል። በዚያ ሰሞን ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ስለሚዘጋ ቀድማችሁ ሸምቱ።

ቦሎኛ ያለሁ

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ የተሠራ ትኩስ ፓስታ፣ ለምሳሌ ፈቱቺኔ፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። ደረቁ ፔኔና ስፓጌቲ ግን ዱቄትና ውኃ ነው። ሱፐርማርኬት ስትገቢ የዕቃውን ጀርባ እይ፦ ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ በደማቅ ፊደል ወይም በሌላ መንገድ አጉልቶ መጻፍ በሕግ ግዴታ ነው። «ላቴ» ወተት፣ «ኡኦቫ» እንቁላል ነው። አሳማ ግን ከአለርጂ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ አይደምቅም፤ እሱን አንብበሽ ነው የምታገኚው።

ቅቤው ይቅር። የአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በሻንጣ ማስገባት ይከለክላል፤ ቋንጣም አይብም እንደዚያው። የእናቴ ቅቤ ፊቴ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል አይቻለሁ፣ ዛሬም ያመኛል። ማር ግን ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። የጅማ ማር፣ የተቆላ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ያዢላት።

ጅሬን

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ወንድሜ ዘንድ ሮም ሁለት ወር ስቆይ የአሳማውን ነገር በደንብ ተምሬዋለሁ። «ማያሌ» ማለት አሳማ ነው፤ «ቼ ማያሌ?» ብለሽ ጠይቂ፣ አሳማ አለው ወይ ማለት ነው። ታዋቂዎቹ የሮም ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ «ጓንቻሌ» የሚባል የአሳማ ጉንጭ አለባቸው፤ እነሱን ዝለያቸው። የሚያታልሉት ሌሎች ናቸው፦ የባቄላ ሾርባ ውስጥ ፓንቼታ የሚባል የአሳማ ሆድ ሥጋ ሊገባ ይችላል፣ አንዳንድ ዳቦና ፎካቻ የሚሉት ጠፍጣፋ ዳቦ ደግሞ «ስትሩቶ» በሚባል የአሳማ ስብ ይቦካል።

እናትሽ ተረጋግተው እንዲቀመጡ ከፈለግሽ ወደ አይሁዶች ሰፈር፣ ፖርቲኮ ዶታቪያ አካባቢ ውሰጃቸው። እዚያ ኮሸር የሚሉ፣ በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ የሚያበስሉ ምግብ ቤቶች አሉ፤ አሳማ በፍጹም የለም። አርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ግን ይዘጋሉ። እህትሽ ቤት ለማብሰል ከሆነ ደግሞ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቀው የኤስኲሊኖ ገበያ ቅመሙም ሐላል ሥጋውም አለ። «ሜርካቶ» ብለሽ ጠይቂ፣ ቃሉ የእኛው መርካቶ ነው።

ጡረተኛው አባት፣ ጅማ

ልጄ፣ እኔ የምነግርሽ ስለ ቡና ነው። እዚያ «ማኪያቶ» ብትዪ የእኛውን አይሰጡሽም፤ በትንሿ ስኒ ጥቁር ቡና ላይ ጠብታ ወተት ነው። «ላቴ» ብቻ ካልሽ ደግሞ ወተት ብቻ ያመጡልሻል። ቆመሽ ከጠጣሽ ይረክሳል፣ ከተቀመጥሽ ዋጋው ይጨምራል። እናትሽን ግን አስቀምጫቸው፤ ለእግራቸው ያንን ያህል ይከፈላል።

የእህትሽንም ልብ ጠብቂ። ልጄ ዘንድ ስሄድ «ውጪ እበላለሁ» ብዬ ወጡን ስተውባት አኩርፋብኛለች። የሥራ ፈቃዷን ቀን ጠይቂያትና የዚያን ቀን ወጧን ብሉላት፤ በቀረው ቀን እናንተ ገበያ ወጥታችሁ የአገሩን አብስላችሁ ጠብቋት።

የአዌቱ ልጅ

አባቴ፣ የነገሩኝን አደርጋለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ። ቅቤውን አስቀርቼ በምትኩ 2 ኪሎ ማር አሽጌያለሁ።

የአዌቱ ልጅ፣ ነሐሴ 6፣ ከሮም

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ማሩ ያለ ችግር ገባ። ትናንት እኔና እማዬ ከገበያ ቲማቲም፣ ባሲሊኮ የሚሉት መዓዛማ ቅጠልና የአደረ ዳቦ ገዝተን «ፓንዛኔላ» ሠራን። አንዲት ጎረቤት ናት ያሳየችን፤ ዳቦውን በውኃ አርሰሽ ትጨምቂዋለሽ፣ ከቲማቲሙ ጋር በዘይትና በኮምጣጤ ታሺዋለሽ። እማዬ ሰዓቷ ደርሶ አንድ ጉርሻ ቀመሰችና «ይሄማ የቲማቲም ፍትፍት ነው!» አለች። ቃሪያ ከተፈችበትና ሳህኑን ጠረገችው። እህቴ ከሥራ ስትገባ ድርሻዋ ተሸፍኖ ጠበቃት።

ማታ በወንዙ ዳር በረዶ ፍቀው ሽሮፕ የሚያፈሱበትን «ግራታኬካ» ጋበዝናት። ወተት ስለሌለበት እማዬም የሎሚውን ጠጣች። ዛሬ ጠዋት «ያ በረዶ ዛሬም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።