አዲስ ምጣድ ግማሹ አይግልም፣ ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ

ጓዳዬ፦
ወገኖች ቶሎ ድረሱልኝ! የኤሌክትሪክ ምጣዱ በአንድ ጎኑ ሊጡን ጥሬውን ይተወዋል፣ በሌላው ጎን ያሳርረዋል። አምስት እንጀራ ሳይሞላ ብሬከሩ ይወርዳል። መርካቶ በ9,500 ብር ነው የገዛሁት። ባለሱቁ «ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ቅዳሜ ክርስትና አለብን።

እማማ ሶስና፦
አሟሽተሽዋል ልጄ? የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሰሽ በጨርቅ ደጋግመሽ እሺው። ያልተሟሸ ምጣድ ይይዛል።

ቂርቆስ፦
መቼ ገዛሽው? ደረሰኝስ አለሽ? ይህ ሳይታወቅ ምንም ማለት አይቻልም።

ሸማች ነኝ፦
ደረሰኝ አለመቀበል ትልቁ ጥፋታችን ነው። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲባል ደስ ይለናል፤ የሚቀነሰው ግን 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ዕቃው ሲበላሽ ባለሱቁ «እኔ አልሸጥኩም» ይላል። ስለዚህ ሁላችንም መጠየቅ አለብን፣ ሁልጊዜ!

አራት ኪሎ፦
ባለሱቁን ከመክሰስ በፊት የቤትሽን መስመር እይ። ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ነው፣ 16 አምፔር ይስባል። በማከፋፈያ ከሰካሽው ወይም ሽቦው ከ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከቀጠነ ስፒናው ይግላል፣ ይቀልጣል። ሁሉንም በሻጭ ማላከክ ልክ አይደለም።

ጓዳዬ፦
አሟሽቼዋለሁ። ከግድግዳው ሶኬት ነው የምሰካው፤ አሮጌው ምጣድ እዚያው ላይ በደህና ይሠራል። ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው። ደረሰኝ የለኝም፣ በቴሌብር ነው የከፈልኩት።

መዓዛ፦
በጎመን ዘር አሟሺው፣ ይስተካከላል።

ሽቦ አዋቂ፦
ማሟሸት ብሬከር አያስወርድም። ግማሹ ቀዝቃዛ፣ ግማሹ የሚያቃጥል ከሆነ የሪዚስታንሱ ሽቦ (የሚግለው ጥቅል ሽቦ) ጀሶው ውስጥ ከጎረቤቱ ጥቅል ጋር ተነካክቷል። ኤሌክትሪኩ አቋርጦ ያልፋል፤ የተዘለለው ክፍል አይግልም፣ የቀረው ከመጠን በላይ ይግላል። ሽቦው ተበጥሶ ቢሆን ኖሮ ጭራሽ አይሠራም ነበር።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ምጣዱን ንቀይ፣ ይቀዝቅዝ። ማብሪያ ካለው አብሪው፣ ከዚያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦም ላይ አድርገሽ የስፒናውን ሁለት እግር ለኪ። የ3,500 ዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። 9 ኦም ካሳየሽ 24 አምፔር እየሳበ ነው፤ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ወዲያው ሳይሆን ከደቂቃዎች በኋላ የሚወርደውም ለዚህ ነው። ቁጥሩን ፎቶ አንሺው። ከታች ያለውን ክዳን ግን እንዳትፈቺ፣ «ራሷ አበላሸችው» ይሉሻል።

ቂርቆስ፦
ሦስት ቀን አለሽ፣ አትዘግዪ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፊ፤ ቀኑ፣ መጠኑ፣ የተቀባዩ ስምና የግብይት ቁጥሩ አለበት። የተቀባዩ ስም ከሱቁ ስም ጋር ካልተመሳሰለ የሱቁን ፊት ከነታፔላው ፎቶ አንሺ።

ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው፣ ሁለት ቅጂ፦ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ የገዛሁት ምጣድ ይህ ጉድለት ስላለበት ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ»። አንዱ ላይ ይፈርሙልሽ። እምቢ ካሉ ምስክር ይዘሽ ሂጂ፣ በአጭር መልእክትም ላኪላቸው። ከዚያ በቀጥታ ሱቁ ባለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክቺ፤ ያንቺ ወረዳ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይመላለሳል።

አራት ኪሎ፦
አሮጌው እዚያው ሶኬት ላይ ከሠራ የእኔ ጥርጣሬ ወድቋል። ሱቁ ውስጥም ሰክተው በፊትሽ እንዲያሳዩሽ አድርጊ።

እማማ ሶስና፦
ለቅዳሜው በአሮጌው ጋግሪ ልጄ፣ አዲሱን ዳግም እንዳትነኪው።

ሽቦ አዋቂ፦
ስትወስጂው ከሥር ብርድ ልብስ አንጥፈሽ በአግድም ጫኚው፣ ከላዩ ምንም አይቀመጥ። ሸክላው በመንገድ ከተሰነጠቀ ስለ ሽቦው የሚሰማሽ አይኖርም።