ለቀለም ኮንትራት ኤርለስ ወይስ ኮምፕረሰር?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ውስጥ ከልጆች ጋር የቀለም ሥራ በኮንትራት እይዛለሁ። እስካሁን በሮለር ነበር። አሁን ባለ አራት ፎቅ አፓርታማ ይዘናል። ግድግዳና ኮርኒሱ ፕላስቲክ ቀለም ነው፤ በሮቹ ቫርኒሽ። በአየር የሚረጨውን ኮምፕረሰር ከነሽጉጡ ልግዛ ወይስ ኤርለስ (ያለ አየር፣ ቀለሙን ራሱን በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን ማሽን)? የሠራችሁበት ምከሩኝ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ለግድግዳው ኤርለስ ነው፤ አታመንታ። ኮምፕረሰር ፕላስቲክ ቀለምን በደንብ ካላቀጠንከው አይገፋልህም። ካቀጠንከው ደግሞ አይሸፍንም። ስትገዛ ማሽኑ እስከ ምን ያህል ትልቅ ቲፕ (ቀለሙ የሚወጣበት የሽጉጡ አፍንጫ) እንደሚችል ጠይቅ። ለፕላስቲክ 517 ጥሩ ነው። 5ቱን በሁለት አባዛው፤ ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ርቀህ ስትረጭ 10 ኢንች ያህል ስፋት ይሸፍናል። 17ቱ ቀዳዳው ነው፤ 0.017 ኢንች። ቲፕ ደግሞ ይበላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። የማሽኑ አቅም 0.017 ላይ ካበቃ ያኔ ግፊቱ ይወርድብሃል። እኔ ብሆን እስከ 0.021 የሚችለውን እገዛለሁ። ለበሮቹ 311 ቲፕ ቀይርለት።

ሌላ መልስ፦
መለዋወጫው እዚሁ የሚገኝለትን ግዛ፣ በተለይ ፓኪንጉን (ፓምፑ እንዳያፈስ የሚይዘውን ማሸጊያ)። ቀለሙንም ሳታጠል እንዳትጀምር። ከባልዲው አፍ የወደቀች አንዲት የደረቀች ቅርፊት ቲፑን ትዘጋዋለች።

ሌላ መልስ፦
አደራ፣ ልጆቹ ጣታቸውን ቲፑ ፊት እንዳያደርጉ! ግፊቱ እስከ 3000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ቆዳ በስቶ ቀለሙን ሥጋ ውስጥ ይከታል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም ወዲያው ሆስፒታል ነው። ቲፕ ከመፍታታችሁ በፊት ማሽኑን አጥፉ፣ ግፊቱን አስተንፍሱ፣ ሽጉጡን ቆልፉ።