ከስፓሪንግ በፊት እጅ የምንነሳው ለማን ነው?

አረንጓዴ ቀበቶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አዲስ አበባ ውስጥ በሰፈራችን ባለ ማሠልጠኛ ቴኳንዶ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ወር አያቴ ልምምዳችንን ሊያዩ መጥተው ነበር። ሳቡም (አሠልጣኛችን) በኮሪያኛ «ቻሪዮት፣ ክዩንግኔ» ማለትም «ተጠንቀቅ፣ እጅ ንሳ» ሲል ሁላችንም ጎንበስ ማለታችንን ተመልክተው፣ ቤት ስንገባ «ልጄ፣ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው፤ ለሰው መስገድን ከየት አመጣችሁት?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ቃል ያጣሁት እኔም ራሴ ትርጉሙን መጠራጠር ስለጀመርኩ ነው። በዚያው ሳምንት በክብደትም በቀበቶም ከሚበልጠኝ ልጅ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ገጥሜ ነበር። ገና እጅ ነስቶልኝ ቀና ከማለቱ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን በጎን እርግጫ ጎኔ ላይ አሳረፈብኝ። ለአሥር ቀን ያህል ሳል በመጣብኝ ቁጥር ጎኔን በእጄ ደግፌ ነበር የምስለው። ሲጨርስም እንደ ሥርዓቱ እጅ ነስቶኝ ወጣ። ታዲያ ይህ ጎንበስ ማለት ምንድን ነው? ለአያቴስ ምን ብዬ ልመልስላቸው?

የድሮ አሠልጣኝ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ጎንህ እንዴት ሆነ? እስካሁን የሚያምህ ከሆነ ሐኪም ሳያይህ ወደ ስፓሪንግ አትመለስ።

የአያትህ ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። እኔ እንደምረዳው መልሱ በራሳችን ቋንቋ ውስጥ አለ፤ ስግደት ሌላ ነው፣ እጅ መንሳት ሌላ ነው። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር» ስንል፣ እርሳቸውም «በእግዜር» ብለው ሲያስቀምጡን፣ ከአባት ፊት ዝቅ ብለን ሰላምታ ስናቀርብ፣ ይህንን ስግደት ነው ያለ ሽማግሌ እስካሁን አልገጠመኝም። በማሠልጠኛው የምናደርገውም ይኸው እጅ መንሳት ነው። አቋሙን ራሱን ተመልከተው። በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ መሪነት በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የዓለም አቀፉ ቴኳንዶ ፌዴሬሽን የሚያስተምረው ሰላምታ፣ ከወገብ 15 ዲግሪ ብቻ ጎንበስ ብሎ ዓይንን ከባላጋራው ዓይን ሳይነቅሉ የሚደረግ ነው። ዓይን ለዓይን እየተያዩ የሚሰግዱ ሁለት ሰዎች የሉም፤ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሰላም የሚባባሉ ግን አሉ። ከአምስቱ የቴኳንዶ መርሖዎች የመጀመሪያው ጨዋነት እንደሆነም ንገራቸው፤ ጽናትና አለመበገር የሚመጡት ከእርሱ በኋላ ነው።

ወደ ጎንህ ልመለስ። ያ ልጅ እጅ ሲነሳልህ ቃል መግባቱ ነበር፤ ቃሉንም አላከበረም። ስፓሪንግ ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚዋዋሱት ነገር አለ፤ እኔ እማርበት ዘንድ አንተ ገላህን ታውሰኛለህ፣ እኔም የአንተን በወሰድኩበት ሁኔታ የመመለስ ግዴታ አለብኝ። ለብዙ ዓመታት ሳሠለጥን የበሰለ ተማሪን የምለየው በእርግጫው ከፍታ ሳይሆን በሚያቆምበት ቦታ ነበር። እግሩ የዶቦኩን (የልምምድ ልብሱን) ጨርቅ ነክቶ ቀጥ ሲል ጨርቁ ይጮኻል፣ ጎን ግን አይሰማውም። እንዲያ ማድረግ ኃይልን ሁሉ ለቆ ከመምታት እጅግ ይከብዳል፤ ዓመታት የሚፈጀውም እርሱ ነው። በቀበቶ የሚበልጥ ሰው ከታናሹ ጋር ሲገጥም የመቆጣጠሩ ሸክም በሙሉ በታላቁ ላይ ነው። ይህንንም በዝምታ ያለፈ አሠልጣኝ ካለ፣ ጥፋቱ ከልጁ ይልቅ የአሠልጣኙ ነው እላለሁ።

ጁዶ በስደት

እኔ የምኖረው በጀርመን ሲሆን የምሠራውም ጁዶ ነው። ከላይ የተጻፈው መዋዋስ የሚለው አሳብ በጁዶ ከመሠረቱ ያለ ነው። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ ቤተ መቅደስ፣ 12 ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) በተነጠፈበት ክፍል፣ በጣት ከሚቆጠሩ ተማሪዎች ጋር ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ማሠልጠኛ ሲጀምር የተነሳው ሰው ለመጣል ብቻ አልነበረም፤ ከመርሖዎቹ አንዱ «ጂታ ክዮኤይ» ማለትም «እኔም ሌላውም አብረን እንበልጽግ» የሚል ነው። ይህንን በቃል የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ በገላዬ የተማርኩት ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። አንድ ባለ ጥቁር ቀበቶ አዛውንት አንስተው ሲጥሉኝ፣ መሬት ልደርስ ስል እጅጌዬን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ያዙኝ። ጀርባዬ ምንጣፉን መታ፣ ጭንቅላቴ ግን አልነካም። የጣለኝም ያዳነኝም ያው አንድ እጅ ነበር። ታንቆ ወይም ክንዱ ተጠምዝዞ የተያዘ ሰው በእጁ መታ መታ ሲያደርግ ወዲያው መልቀቅም ከዚሁ የሚመጣ ነው፤ በዚህ የማይታመን ሰው የሚያሠራው አያገኝም።

በትልቁ መድረክም ታይቷል። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ስፖርቱ ረታው። የጌሲንክ ደጋፊዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሲሮጡ እርሱ ገና ከላይ ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው። በ1984 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ያሱሂሮ ያማሺታ የቀኝ ባቱን ተጎድቶ እያነከሰ ለፍጻሜ ቀርቦ፣ ግብፃዊውን መሐመድ ራሽዋንን አሸነፈ። ስለ ፍልሚያው ብዙ ይወራል፤ እኔን የሚነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ያማሺታ የሽልማቱ መድረክ ላይ መውጣት ሲያቅተው ደግፎ ያወጣው ወርቁን የተነጠቀው ራሽዋን ነበር።

ሰማያዊ ቀበቶ (ሴት)

ሁለታችሁም የጻፋችሁትን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ታላቅን ማክበር የሚለው ቃል እኔን አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አሰኝቶኛል። በቀድሞው ማሠልጠኛዬ አንድ ታላቅ ሁልጊዜ ከሴቶችና ከጀማሪዎች ጋር መግጠም ይመርጥ ነበር፤ ሁልጊዜም አንዳችን እያነከስን እንወጣ ነበር። ለመናገር ስንነሳ «ታላቅህን አክብር የሚለውን የቴኳንዶ ተማሪዎች መሐላ ረሳችሁት?» እንባል ነበር። ከመሐላው ውስጥ ቴኳንዶን ያለ አግባብ አለመጠቀም የሚል ቃል እንዳለም ማንም አላስታወሰልንም። በመጨረሻ ለቅቄ ወጣሁ። አሁን ባለሁበት ቦታ ከመግጠማችን በፊት «እንዴት እንሥራ? ቀለል እናድርገው?» መባባል ልማድ ነው፤ ይህንን ስለጠየቀ ፈሪ የተባለ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ወንድሜ፣ በአክብሮት ተናገር እንጂ ለአክብሮት ስትል ዝም አትበል።

አረንጓዴ ቀበቶ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጎኔ አሁን ደኅና ነው። ትናንት ማታ ለአያቴ የእጅ መንሳቱን ነገር ዓይን ለዓይን ከመተያየቱ ጋር ተነሥቼ አሳየኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እጅ መንሳት ከሆነማ መልካም ነው» አሉኝ። ቀጥለውም «እጅ ነስቶህ የመታህ ልጅ ግን ነውር ሠርቷል፤ ነግረኸዋል ወይስ ዝም አልክ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አልነገርኩትም ነበር። ሐሙስ ልምምድ ስላለን ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ ደርሼ፣ ለብቻው ላነጋግረው ወስኛለሁ። ከዚያም እርሱ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሳቡም በተገኘበት እንደገና አብሬው ልሥራ ብዬ እጠይቃለሁ።