ኤሊያችን መብላት አቆመች፤ ቶሎ ድረሱልኝ!

የሆጤዋ፦ ሰላም ጀመዓው፣ ከደሴ ነኝ። ኤሊያችን መብላት አቁማለች። ጎመን ሰጠኋት፣ ካሮት ሰጠኋት፣ ዞር ብላም አታይ። ዓይኗን ጨፍና ጥግ ይዛለች። ልጆቹ እያለቀሱ ነው። ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያ እናት፦ አብሽሪ እህቴ። ወተት ለብ አድርገሽ በሲሪንጅ አጠጫት። ግልገል ሲደክም እኛ እንዲያ ነው የምናደርገው።

የቦርከና ልጅ፦ ኧረ ወተቱ ይቅር፣ ለኤሊ ሆድ አይስማማም። መጀመሪያ ንገሪን፤ ከየት መጣች? የት ነው የምትውለው? የምታድረውስ?

የሆጤዋ፦ ባለቤቴ በበጋ ከባቲ ሲመለስ መንገድ ዳር አግኝቶ ነው ያመጣት። ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ነው። ያኔ ግቢ ውስጥ ሳር ስትግጥ ትውል ነበር። ሐምሌ ሲገባ ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ዕቃ ቤት አስገባኋት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

የቦርከና ልጅ፦ በቃ፣ ብርዱ ነው የያዛት። ኤሊ የራሷ ሙቀት የላትም፤ ከፀሐይና ከመሬት ነው የምታገኘው። ሰውነቷ ካልሞቀ ሆዷ አይፈጭም፣ ሆዷ ካልፈጨ ደግሞ አትበላም።

ላኮመልዛ፦ ረመዳን አልፏል፣ ፍልሰታ ገና ነው። የምን ጾም ይዛ ነው? 😄 አላህ ይማርልሽ እህቴ።

ጋሽ ጦሳ፦ ልጄ፣ እኔ ጥያቄሽ ላይ ነው ቅሬታ ያለኝ። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ እንኳ 1850 አካባቢ ነው፣ ባቲ ደግሞ ቆላ። የቆላ እንስሳ አምጥቶ ለደሴ ክረምት መስጠት ግፍ ነው። በዚያ ላይ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ክልክል ነው። ወደ አገሯ መልሷት።

የሆጤዋ፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን አሁን እንዲህ ደክማ ሜዳ ላይ ብጥላት አትሞትም ወይ? መጀመሪያ ትዳን።

በግ አርቢው፦ ትል ነው። አይቨርሜክቲን ትወጋ። በጎቼ በሱ ነው የሚነሡት።

የኮምቦልቻ እንስሳት ሐኪም፦ እንዳታደርጊው! አይቨርሜክቲን ለበግ መድኃኒት ነው፣ ኤሊን ግን ሽባ አድርጎ ይገድላል። የትል ጥርጣሬ ካለ ኩሷ ይመርመር፣ ለኤሊ የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለ።

አሁን ከሲሚንቶው ላይ አንሻት። ሰፊ ካርቶን ውስጥ ደረቅ ሳር ጎዝጉዢላት። በአንዱ ጫፍ የድሮውን ቢጫ አምፖል አንጠልጥይ፤ ኤልኢዲው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከአምፖሉ ሥር ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ ያለ ተይው፣ ሲበዛባት እንድትሸሽ። ከሰል አጠገቧ አታንድጂ፣ ጭሱ ሳንባዋን ይጎዳል።

ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል አስቀምጫት። ውሃው ከአገጯ አይለፍ። ብዙ ጊዜ እዚያው ትጠጣለች፣ ትጸዳዳለችም። ከዚያ በደንብ አድርቂያት። በግድ አታጉርሻት፤ ቀዝቃዛ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብ ይበሰብሳል። ስትሞቅ ሳርና እሾሁ የተጠረገ የበለስ ቅጠል ስጫት። ቁልቋል ግን እንዳይሆን፣ ነጭ ወተቱ መርዝ ነው። ዳቦና እንጀራም ይቅር።

አፍንጫዋ አረፋ ካወጣ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ፌስታል የበላች ከመሰለሽ ቤት አትጠብቂ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ እዚያ ጠይቂ። በኋላ እግሯ መሬት የምትቆፍር ከሆነም ንገሪኝ፣ እንቁላል ይዛ ሊሆን ይችላል።

ሜልቦርን ያለሁ፦ ወገኖቼ፣ እኔ እዚህ ቢርድድ ድራጎን የሚባል ጢማም እንሽላሊት አለኝ፣ የአውስትራሊያ በረሃ ነው አገሩ። ምግብ ሲቀንስ መጀመሪያ የማየው ቴርሞሜትሩን ነው። የሚሞቅበት ቦታ 40 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ ፌንጣ ቢዘልበት እንኳ አይነሣም። ፀሐይ ስትወጣ ኤሊዋን ውጭ አውጫት። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን ጨረር አያሳልፍም።

የሰኞ ገበያ እናት፦ ወተቱንስ ሞከርሽው?

የሆጤዋ፦ ኧረ አልሰጠኋትም እትዬ። ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አረፋ የለም፣ አትቆፍርም። ግን አምፖሉን ገና ሳንጠለጥል መብራት ሄደ!

የኮምቦልቻ እንስሳት ሐኪም፦ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሙይ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ጎኗ አድርጊላት። ሲቀዘቅዝ ቀይሪው። ካርቶኑን ከላይ በብርድ ልብስ ሸፍኚ፣ አየር መግቢያ ተይለት።

ላኮመልዛ፦ እኛም ሰፈር ጠፍቷል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ዘመድ ካለሽ ይዘሻት ሂጂ፣ እዚያ ይሞቃል።

ጋሽ ጦሳ፦ ልጄ፣ ስትድን ሜዳ ላይ ዝም ብለሽ አትልቀቂያት። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሰዎችን አማክሪ። ለመሆኑ እንዴት አደረች?

የቦርከና ልጅ፦ እኔም እየጠበቅኩ ነው። የሆጤዋ፣ አለሽ?